ሱዛን ኖኤል፦ የፊት ቀዶ ህክምናን ለዕለት እንጀራና ለክብር ያዋሉ ሐኪም

የሰው ልጅ ፊት ከስሙ ቀድሞ የሚታወቅበት መለያው ነው። ሥራ ፈላጊ ከቀጣሪው ዘንድ ሲቀርብ ከትምህርት ማስረጃው በፊት የሚታየው ፊቱ ነው። ዕድሜ ያመጣው የቆዳ መሸብሸብም ሆነ ጦርነት ጥሎት ያለፈው ጠባሳ የሰውን ችሎታ ሳይቀንሱ ዕድሉን የሚያጠቡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ሐቅ በመገንዘብ የፊት ቆዳን የማንሳት ቀዶ ህክምናን ሠርተው ለሚያድሩ ሰዎች ካደረሱ ሐኪሞች መካከል ፈረንሳዊቷ ዶክተር ሱዛን ኖኤል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሱዛን ግሮ በሚል የቤተሰብ ስም ይታወቁ የነበሩት እኚህ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 1878 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው የላን ከተማ ኑሮው ከተደላደለ ቤተሰብ ተወለዱ። በዚያ ዘመን በነበረው ልማድ መሠረት ከእርሳቸው ደረጃ የተወለደች ልጃገረድ ይጠበቅባት የነበረው ጥሩ ትዳር መያዝና ቤቷን በሥርዓት ማስተዳደር ነበር። ሱዛንም በ1897 ገና በ19 ዓመታቸው ሄንሪ ፔርታ ከተባሉ የቆዳ ሐኪም ጋር ትዳር መሠረቱ።

ይሁን እንጂ ወጣቷ ባለትዳር በቤት ውስጥ ኑሮ ተወስነው አልቀሩም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተናን አልፈው በፓሪስ የህክምና ትምህርታቸውን ጀመሩ። በወቅቱ የፈረንሳይ ሕግ ባለትዳር ሴት ያለባሏ ፈቃድ ሥራ እንዳትይዝ ይከለክል ነበር። ባለትዳር ሴቶች በሥራቸው ያገኙትን ደመወዝ ራሳቸው እንዲያዙበት የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1907 ሲሆን፣ ያለባል ፈቃድ በሥራ መሠማራት የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1965 ነው። ሱዛን የባለቤታቸውን ፈቃድ አግኝተው ወደ ህክምናው ዓለም ቢገቡም፣ የሴት ልጅ ዕድል በሌላ ሰው ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ከራሳቸው ኑሮ የተማሩት ያኔ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1908 የልጅ እናት የሆኑት ሱዛን በዚያው ዓመት በፓሪስ ሆስፒታሎች የተማሪ ሐኪምነት ሥራ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከተመደቡላቸው መምህራን አንዱ በማርቲኒክ ደሴት የተወለዱትና በፊት ቀዶ ህክምና ችሎታቸው ስማቸው የገነነው ሂፖሊት ሞሬስቲን ነበሩ። ሞሬስቲን በቀዶ ህክምና ወቅት የሚፈጠር ጠባሳ በተቻለ መጠን ከሰው ዓይን እንዲሰወር በማድረግ ጥበብ የተካኑ ነበሩ። ሱዛን ቆዳን በጥንቃቄ የመቅደድና በቀጭን ክር የመስፋት ሙያን የቀሰሙት ከእርሳቸው ነው። በ1912 ደግሞ ከባዱን የሆስፒታል ሐኪምነት ውድድር በከፍተኛ ውጤት በማለፍ በሴንት ሉዊ ሆስፒታል በፕሮፌሰር ብሮክ የቆዳ ህክምና ክፍል መሥራታቸው ይታወቃል። ለዚህ ውድድር ሴቶች እንዲቀርቡ የተፈቀደው በ1885 በመሆኑ፣ በዚያ ደረጃ የሚገኙ ሴቶች ቁጥር በእጅጉ አነስተኛ ነበር።

የተዋናይቷ ፊት

ሱዛንን ወደ ፊት ማንሳት ቀዶ ህክምና የመራቸው አጋጣሚ የተፈጠረው በዚሁ በ1912 እንደሆነ የህይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ያስረዳሉ። በ1844 የተወለዱት ዝነኛዋ የመድረክ ተዋናይት ሳራ በርናር ወደ 70 ዓመት እየተቃረቡ ሳሉ ከአሜሪካ ጉዟቸው ሲመለሱ ፊታቸው ወጣትነት ተላብሶ መታየቱ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። ተዋናይቷ በአሜሪካ ከራስ ቆዳቸው ላይ በፀጉር የተሸፈነ ቁራጭ ተቆርጦ እንዲወጣና ጠርዞቹ ተስበው እንዲሰፉ አድርገው ነበር። በዚህም ግንባራቸውና የዓይናቸው አካባቢ ሲስተካከል የታችኛው የፊታቸው ክፍል ግን እንደነበረ ቀርቷል።

ይህ ዜና የሱዛንን የምርምር ፍላጎት አነሳሳ። ከመስታወት ፊት ተቀምጠው የገዛ ፊታቸውን ቆዳ በጣቶቻቸው እየቆነጠጡ የትኛው ቦታ ላይ ቢሳብ የትኛው ሽብሽብ እንደሚጠፋ መመርመር ጀመሩ። በመቀጠልም በእንስሳት ላይ ሙከራ አድርገው ቆዳ ምን ያህል ቢወገድና እንዴት ቢሰፋ ቁስሉ በደህና እንደሚሽር አጠኑ። ኋላም ራሳቸው ሳራ በርናር የእርሳቸው ታካሚ ለመሆን እንደበቁ ይነገራል።

የፊት ቆዳን የማንሳት ሙከራ ከዚያ ቀደም ያልታሰበ አልነበረም። በጀርመን ኦይገን ሆሌንደርና ኤሪክ ሌክሰር የተባሉ ሐኪሞች በክፍለ ዘመኑ የመጀመሪያ ዓመታት ተመሳሳይ ሥራ መሥራታቸውን ከብዙ ዓመታት በኋላ ይፋ አድርገዋል። ሥራው እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር አብዛኞቹ ሐኪሞች ዘዴያቸውን ከመጻፍና ከማስተማር ይቆጠቡ ነበር። ሱዛን ኖኤልን ለየት ከሚያደርጓቸው ነጥቦች አንዱ የሠሩትን በፎቶግራፍ አስደግፈው በግልጽ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ማቅረባቸው ነው።

በጦርነት የተጎዱ ፊቶች

በ1914 የተቀሰቀሰው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፊት ቀዶ ህክምና ከባድ ፈተና ይዞ መጣ። በምሽግ ውስጥ የሚዋጋ ወታደር ሰውነቱ ሲከለል ራሱ ለጥይትና ለፍንጣሪ ይጋለጥ ስለነበር፣ መንጋጋቸው የተሰበረ፣ አፍንጫቸው የተቆረጠ፣ ጉንጫቸው የተቀደደ ቁስለኞች ሆስፒታሎችን አጥለቀለቁ። በፈረንሳይ ብቻ ክፉኛ ፊታቸው የተጎዳ ወታደሮች ቁጥር ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል።

ሱዛን በፓሪስ ቫል ደ ግራስ ወታደራዊ ሆስፒታል ከመምህራቸው ከሞሬስቲን ጎን ተሰልፈው እነዚህን ቁስለኞች አከሙ። በዚያ የነበረው ሥራ ውበት ከመስጠት የራቀ ነበር። ምግብ ማኘክ፣ መናገር፣ ዓይንን መክደንና በሰው ፊት መቀመጥ የተሳናቸውን ሰዎች ወደ ቤተሰባቸውና ወደ ሥራቸው የመመለስ ጉዳይ ነበር። በ1919 የቬርሳይ የሰላም ውል ሲፈረም ፊታቸው የተጎዳ አምስት የፈረንሳይ ወታደሮች በአዳራሹ እንዲገኙ መደረጉ የጉዳዩን ክብደት ያመለክታል። ሱዛን በዚህ ወቅት የሰው ፊት ከኑሮው ጋር ያለውን ትስስር በተግባር ከማየታቸውም በላይ፣ የፊትን የውስጥ አካላት አቀማመጥ በቁስለኞች ላይ በጥልቀት የማወቅ ዕድል አግኝተዋል።

የጦርነቱ ማብቂያና ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለሐኪሟ የሐዘን ዘመን ሆኑባቸው። የመጀመሪያ ባለቤታቸው በ1918 አረፉ፤ መምህራቸው ሞሬስቲን በ1919 ሞቱ። በዚያው ዓመት የሙያ ባልደረባቸውን አንድሬ ኖኤልን ቢያገቡም በ1922 ብቸኛ ልጃቸውን በሕመም ተነጠቁ። አንድሬ ኖኤልም ከዚህ ሐዘን መጽናናት ተስኗቸው በ1924 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ሱዛን በ46 ዓመታቸው ያለ ልጅና ያለ ባል ቀሩ። ጦርነቱና የቤተሰብ ኃላፊነት ያዘገየውን የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1925 አቅርበው በማጽደቅ፣ ራሳቸውን በሙሉ ለሥራቸው ሰጡ።

የቀጭን ስፌት ዘዴ

የዶክተር ኖኤልን የአሠራር ዘዴ ለመረዳት የፊትን አወቃቀር ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ፊት በንብርብር የተሠራ ነው። ከላይ ቆዳው ይገኛል፤ ከቆዳው ሥር የስብ ንጣፍ አለ። ከስቡ በታች ደግሞ ፊትን ከሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ጋር የተያያዘ ስስ ነገር ግን ጠንካራ ሽፋን ተዘርግቷል። ከዚህ ሽፋን ሥር ከጆሮ ፊት ለፊት ትልቁ የምራቅ ዕጢ ይገኛል። የፊት ነርቭ ከጆሮ ሥር ከራስ ቅል ወጥቶ በዚሁ ዕጢ ውስጥ ያልፍና በአምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይከፈላል። ቅርንጫፎቹ ወደ ግንባር፣ ወደ ጉንጭ አጥንት፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ታችኛው መንጋጋና ወደ አንገት ያመራሉ። ሰው የሚስቀው፣ ዓይኑን የሚከድነውና ቅንድቡን የሚያነሳው በእነዚህ አማካይነት ነው። ወደ ግንባር የሚሄደው ቅርንጫፍ ቢቆረጥ ቅንድብ ይወርዳል፤ ወደ መንጋጋ የሚሄደው ቢጎዳ ፈገግታ ይጣመማል። በመሆኑም ለሽብሽብ ተብሎ በሚሰነዘር ቢላ የፊትን እንቅስቃሴ ማጣት የሚቻልበት አደጋ አለ።

ዶክተር ኖኤል በዋናነት የመረጡት መንገድ ከዚህ አደጋ የራቀ ነበር። ታካሚዋን አስቀምጠው ቆዳው በየትኛው ቦታ እንደላላ በጣታቸው እየቆነጠጡ ይለዩና በቀለም ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያም በፀጉር መስመር ውስጥ፣ ከጆሮ ፊትና ከጆሮ ኋላ፣ ማለትም ጠባሳው በፀጉርና በተፈጥሮ እጥፋት ሊሸፈን በሚችልበት ቦታ፣ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮችን አውጥተው ጠርዞቹን በቀጭን ክር ያገናኛሉ። ሥራው የሚከናወነው ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነበር። ታካሚዎቹ ነቅተው ከሐኪሟ ጋር እየተጨዋወቱ ይታከሙና በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ብዙ ለውጥ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ሲያጋጥሙም በአንድ ጊዜ ብዙ ከመቁረጥ ይልቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማስተካከልን ይመርጡ ነበር።

ዘዴው የተመረጠበት ምክንያት የህክምና ብቻ አልነበረም። ሠርታ የምታድር ሴት ለሳምንታት ሆስፒታል ተኝታ ከሥራ ልትቀር አትችልም። ፀጉሯን አበጥራ ጠባሳውን ሸፍና በማግስቱ ከሥራ ገበታዋ የምትገኝበት ህክምና ግን ይጠቅማታል። በፓሪስ ማርቤፍ ጎዳና በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በከፈቱት ክሊኒክ ሐኪሟን ይጎበኙ ከነበሩት መካከል ባለጸጎችና ተዋናዮች ቢኖሩም፣ ፊታቸው ስለጠወለገ ሥራ የተከለከሉ ወይም ከሥራ የመሰናበት ሥጋት ያደረባቸው ሴቶችና ወንዶችም ነበሩ። ከባለጸጎች የሚገኘው ገቢ መክፈል ለማይችሉት መታከሚያ ይውል እንደነበር ይነገርላቸዋል።

ዶክተር ኖኤል ይህን ልምዳቸውን በ1926 በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ አቀረቡ። የመጽሐፉ ርዕስ የውበት ቀዶ ህክምና ማኅበራዊ ሚናን የሚመለከት መሆኑ የደራሲዋን ዓላማ በግልጽ ያሳያል። በመጽሐፉ የቀዶ ህክምና ዘዴዎች ከነሥዕላቸው የተብራሩ ሲሆን፣ የታካሚዎች የኑሮ ሁኔታና ህክምናው በሥራቸው ላይ ያስከተለው ለውጥም ተዘርዝሯል። መጽሐፉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሟል።

ሙያው በሕግ ፊት

የውበት ቀዶ ህክምና በዚያ ዘመን ከፍተኛ ተቃውሞ ይገጥመው ነበር። ብዙ ሐኪሞች ሕመም የሌለበትን አካል በቢላ መንካት ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር እንደሚጋጭ ያምኑ ነበር። በ1928 በፓሪስ አንዲት ወጣት ሴት እግሯን ለማቅጠን በተደረገላት ቀዶ ህክምና ሳቢያ እግሯ እስከመቆረጥ በመድረሱ ጉዳዩ ለፍርድ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ1929 በሰጠው ውሳኔ ጤነኛ አካልን ለውበት ሲባል ብቻ ለከባድ አደጋ ማጋለጥ በራሱ ጥፋት መሆኑን አስታወቀ። በ1931 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ጠንካራ አቋም ያለዘበ ቢሆንም፣ ሐኪሙ ለታካሚው አደጋውን አስቀድሞ የማስረዳት ግዴታ ክርክር ከዚያ ወዲህ እየጎላ መጥቷል።

በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት አደጋው አነስተኛ በሆነ ዘዴ ላይ ያተኮሩት የዶክተር ኖኤል አቋም ትልቅ ትርጉም ነበረው። ፔኒሲሊን ለህክምና ገና ባልዋለበት ዘመን አንድ ትንሽ የቁስል ምርቅዛት ሕይወት ሊቀጥፍ ይችል ነበር። ሐኪሟ ለንጽህና፣ ለትንሽ ቅድና ለረጋ እጅ የሰጡት ትኩረት ሙያው በሕዝብና በመንግሥት ዘንድ አመኔታ እንዲያገኝ አስተዋጽኦ አድርጓል። የፈረንሳይ መንግሥትም በ1928 የሌዥን ዶኖር ኒሻን ሸልሟቸዋል።

ከቢላው ባሻገር

ዶክተር ኖኤል ፊትን ማደስ ብቻውን መፍትሔ ነው ብለው የተቀመጡ ሐኪም አልነበሩም። ሴት ልጅ በዕድሜዋና በመልኳ ሳይሆን በችሎታዋ እንድትመዘን ሕጉና ልማዱ መለወጥ እንዳለበት ያምኑ ነበር። በዚህም ምክንያት የሴቶችን የመምረጥ መብት በመደገፍ በአደባባይ ተሟግተዋል። የመምረጥ መብት የሌላት ሴት ግብር የመክፈል ግዴታ ሊኖርባት አይገባም የሚለውን አቋም ካራመዱት መካከልም ነበሩ። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕግ የታወቀው በ1944 ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በ1945 ነው።

በ1921 በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ በሙያ የተሠማሩ ሴቶችን የሚያሰባስበው የሶሮፕቲሚስት ክበብ ተመሥርቶ ነበር። ዶክተር ኖኤል በ1924 የፓሪሱን ክበብ በማቋቋም እንቅስቃሴውን በአውሮፓ አህጉር ተከሉት። ከዚያም ስለ ሙያቸው ለማስተማር በተጓዙባቸው አገሮች ሁሉ ሐኪሞችን፣ የሕግ ባለሙያዎችን፣ አርቲስቶችንና መምህራንን እያሰባሰቡ አዳዲስ ክበቦች እንዲመሠረቱ አደረጉ። በ1930 የአውሮፓ ፌዴሬሽን ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። በአንድ እጃቸው የዛሬውን ችግር በቢላ ሲያቃልሉ፣ በሌላው የነገውን በሕግና በድርጅት ለማስተካከል ይጥሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ፓሪስ ከ1940 እስከ 1944 በናዚ ጀርመን ጦር በተያዘችበት ጊዜም ሐኪሟ ሙያቸውን አላቆሙም። በጌስታፖ ይፈለጉ የነበሩ አይሁዳውያንና የአርበኝነት ትግል አባላት እንዳይታወቁ መልካቸውን በቀዶ ህክምና ይለውጡ እንደነበር፣ ከጦርነቱ በኋላም ከማጎሪያ ካምፖች በሕይወት የተረፉ ሰዎችን የክንድ ንቅሳት ቁጥር ያስወግዱ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ያወሳሉ።

ዶክተር ሱዛን ኖኤል ኖቬምበር 11 ቀን 1954 በ76 ዓመታቸው በፓሪስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የሐኪሟ ዘዴ የራሱ ወሰን ነበረው። ቆዳ የመለጠጥ ባሕርይ ስላለው ተስቦ የተሰፋ ቆዳ ከጊዜ በኋላ መልሶ ይላላል፤ ከመጠን በላይ ከተሳበም ጠባሳው ይሰፋል። ፊት የሚያረጀው ቆዳው በመላላቱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ስብ ቦታውን በመልቀቁና በመሳሳቱ፣ አጥንቱም ከዕድሜ ጋር በመለወጡ ጭምር መሆኑ ዛሬ ይታወቃል። ስዊድናዊው ሐኪም ቶርድ ስኩግ በ1974 ቆዳውን ከሥሩ ካለው ሽፋን ሳይለዩ አብሮ የማንሳት ዘዴን አስተዋወቁ። በ1976 ደግሞ በዚያችው በፓሪስ ከተማ ቭላዲሚር ሚትዝና ማርቲን ፔይሮኒ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ከጡንቻ ጋር የተያያዘ ሽፋን ለይተው በዝርዝር ገለጹት። ዛሬ ስማስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ ሽፋን ክብደቱን ስለሚሸከም ቆዳው ያለውጥረት እንዲሰፋ አስችሏል። በ1990 አሜሪካዊው ሳም ሃምራ ከዚያም ጠልቆ የሚሠራ ዘዴ አቀረቡ። ሐኪሞች ወደ ውስጥ በዘለቁ ቁጥር ወደ ፊት ነርቭ ቅርንጫፎች ይበልጥ ስለሚቀርቡ የአናቶሚ ዕውቀት አስፈላጊነት ከዶክተር ኖኤል ዘመን የበለጠ ጨምሯል።

የቀዶ ህክምናው ዘዴ ቢለወጥም ዶክተር ኖኤል ያነሱት ማኅበራዊ ጥያቄ አላረጀም። ሶሮፕቲሚስት በአውሮፓ በስማቸው ባቋቋመው ፈንድ ሴት ሐኪሞች በፕላስቲክና መልሶ በሚጠግን ቀዶ ህክምና እንዲሠለጥኑ ድጋፍ ሲያደርግ ቆይቷል። የፈረንሳይ ፖስታ ድርጅትም በ2018 ለመታሰቢያቸው ቴምብር አሳትሟል። ሐኪሟ ሥራ ፈላጊዋን በፊቷ የሚመዝን ቀጣሪ እስካለ ድረስ ታካሚያቸውን ሲረዱ፣ ያ ቀጣሪ የሚመዝንበት ሚዛን ራሱ እንዲስተካከል ደግሞ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሳይታክቱ ሠርተዋል።